የቆመ ፋብሪካ አክሲዮን

የያዙኝ ሜክሲኮ፣ ቢሮዬ በር ላይ ነው። ለምሳ ስወጣ ሁለት ሰዎች "ለአንድ ጉዳይ እንፈልግሃለን" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ልደታ አካባቢ ባለች፣ ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ በምትሸት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ጥፋቴ አጭር ነው። የንግድ ዜና ጸሐፊ ነኝ። አንድ ኩባንያ ፋብሪካው ሥራ ማቆሙን ደብቆ ለሕዝብ አክሲዮን ሲሸጥ ደርሼበት ጻፍኩ። ገዢው ቀዘቀዘ፤ እኔም ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት ተጠርጥሬ ገባሁ።

የክፍሉ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው፣ ጠና ያለ የጌጃ ሰፈር በያጅ ነበር። ገና እንደገባሁ ጉዳዬን ለሁሉም እንዳስረዳ አደረገኝ። ከምርመራ የተመለሰም መሃል ተቀምጦ የተጠየቀውንና የመለሰውን ይናገራል። ዝም ካለ ጆሮ ጠቢ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፣ አጠገቡ የሚተኛም ያጣል። ስንት የኩባንያ ቦርድ ታዝቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ደንብ ያለው ግን አልገጠመኝም።

አንድ ቀን መርማሪው ለስለስ ብሎ አናገረኝ።

"ተሳስቼ ነው ብለህ ካሜራ ፊት ተናገር። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ላስብበት አልኩት። ደክሞኝ ነበር፤ ቤቴም በጣም ናፍቆኛል።

ስመለስ ካቦው መሃል ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። የተባልኩትን ነገርኳቸው። ከጥግ አንዱ "ውጣ እንጂ፣ ምን ታስባለህ!" ሲል ሁሉም ሳቁ። ካቦው አልሳቀም።

"ልጄ ዓረብ አገር ለፍታ ያመጣችውን በሙሉ እዚያ አክሲዮን ላይ ልታውለው ነበር" አለ። "የገባህ ዕለት ጉዳይህን ሰምቼ ነው ቆዪ ያልኳት። አሁን ስንቅ ይዛ ትመጣለች። ምን ልበላት? ትግዛ?"

"ጋሼ፣ ካሜራ ፊት የምለውና ለእርስዎ የምነግርዎ እኮ ይለያያል።"

"አገሩ የሚሰማው የካሜራውን ነው። ትግዛ ወይ?"

 ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አትግዛ" አልኩ።

ተነሥቼ በሩን አንኳኳሁና ፖሊሱን "ለመርማሪው፣ ካሜራ ፊት አልናገርም ብሏል በልልኝ" አልኩት። ፈርቼ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ካቦው ለስንቅ ተጠራ። ጠያቂ ከገመድ ማዶ ስለሚቆም የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ፖሊሶቹ እየሰሙ፣ "አትግዢ! የጻፈው ሰውዬ አልካደም!" ሲላት ክፍሉ ድረስ ተሰማኝ። አጠገቧ የቆሙት ደግሞ "ምኑን ነው? የቱን ኩባንያ?" ይሏታል።

ከወራት በኋላ ፈቱኝ። ዛሬ አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ ገበናውን አስቀድሞ በይፋ እንዲያወጣ ይጠየቃል። የሚያወጡትን ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ፤ አብዛኛው ያሰለቻል፣ መሰልቸቱም ደስ ይለኛል።

የካቦው ልጅ አክሲዮን ባልገዛችበት በዚያ ገንዘብ ጌጃ ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት ከፍታለች። ሱሪዬን የማሳጥረው እሷ ጋ ነው። ማን እንደሆንኩ እንዳይነግራት አባቷን ለምኜዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሁሉ ነገር ይገለጥ ስል የኖርኩ ሰው፣ ይህችን አንዷን ደብቄያለሁ።