የልብስ ሰፊው መርጋ አደን

የነቀምቴው ልብስ ሰፊ መርጋ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከመርፌው ይልቅ ጠመንጃውን ይወድ ነበር። ጠመንጃ ስል እንግዲህ ያቺን አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ አሮጌ ውጅግራ ነው። በንጉሡ ዘመን ነው ነገሩ፤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ሴት ልጆቹን፣ የዘጠኝ ዓመቷን ድርቤንና የስድስት ዓመቷን ቀለሟን አስከትሎ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር በኩል ወደ ጫካ ይወርዳል።

የሰፈሩ ሰው አልማረውም። «ሴት ልጅ ይዞ አደን! ለድኩላዋ ቀሚስ ልትለካላት ነው እንዴ?» ይሉታል። እሱ ምን ቸገረው! የድኩላ ዱካ ከፍየል ዱካ በምን እንደሚለይ ያሳያቸዋል፤ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እንዲያውቁ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ግን ዝምታን ያስተምራል። «ጫካ ውስጥ አፍ የሚከፈተው ለቆሎ ብቻ ነው፤ እሱም ቀስ ተብሎ» ይላቸዋል።

ለማንም ያልነገረው አንድ ጉድ ነበረበት። ዓይኑ እየደከመ ነው። መርፌው ውስጥ ክር የምታስገባለት ድርቤ ከሆነች ከርማለች። ልብስ ሰፊ ዓይኑ ደከመ ከተባለ ማን ጨርቁን ያምነዋል? ያ ሁሉ ጥድፊያ እንግዲህ፣ ጨርሶ ሳይጨልምበት አንዲት ድኩላ ልጆቹ ፊት ለመጣል ነበር። አባቱ ያሳየውን ሳያሳያቸው መቅረቱ አንጀቱን ይበላዋል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ከቁጥቋጦ ሥር ተደብቀው ቁጭ ብለዋል። ድርቤ በስተኋላ ትጠብቃለች፣ ቀለሟ ከአባቷ ጉልበት ሥር ተለጥፋለች። ማዶ፣ ከዛፎቹ መሀል፣ አንድ ቡናማ ነገር ጎንበስ አለ። ቀና አለ። ደግሞ ጎንበስ አለ። «ተመስገን! መጣች» አለ መርጋ በሆዱ። ውጅግራዋን ደገነ፤ ጣቱን ምላጩ ላይ አሳረፈ።

ይኼኔ ቀለሟ ብድግ አለች። ምን ታድርግ፣ የሸዋጌጥ ልጅ ናት! እናቷ ሸዋጌጥ የመንዝ ሴት ናት፤ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ አታሳድግም።

«አካኮ! አካም ቡልተኒ!» ብላ ጮኸች፤ አያቴ፣ እንደምን አደሩ ማለቷ ነው።

መርጋ በንዴት ሊፈነዳ ነበር። «አንቺ ልጅ—» ብሎ ሳይጨርስ ድኩላዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ መለሰችም።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው! እሰይ የኔ ልጅ፣ የማን ነሽ? እናትሽ ደኅና ናት? ላሞቹስ? ዶሮዎቹስ?»

ቀፎአቸውን ሊያዩ የወጡት ሽማግሌው አባ ጨመዳ ነበሩ፤ ቡናማ ባርኖሳቸውን እንደለበሱ።

መርጋ ጠመንጃዋን ዝቅ አደረገ። ጥይቷን አውጥቶ ኪሱ ከተታት። ሽማግሌው ሲደርሱ ተደፍቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ምነው ልጄ? ጉልበት መሳም ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«ዝም ብዬ ነው አባ ጨመዳ። ዝም ብዬ ደስ ብሎኝ ነው።»

እሳቸው ሲሄዱ ቀለሟ ማልቀስ ጀመረች። «አባዬ፣ ተናገርኩ። ሁለተኛ አትወስደኝም አይደል?»

አቅፎ ደረቱ ላይ ለጠፋት፤ እሱም አለቀሰ። «እንኳን ተናገርሽ። እንኳን ተናገርሽ፣ እናቴ!»

ቤት ሲገባ ጠመንጃዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ለሸዋጌጥ ዘረገፈው፤ ዓይኑንም፣ አባ ጨመዳንም። ሸዋጌጥ አማተበች። ከዚያ ቁጣዋ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ የማላውቅ መሰለህ? የመምህሩን ሸሚዝ ሁለቱንም እጅጌ በግራ በኩል ስትሰፋው ማን የተረተረው ይመስልሃል? አንተ ለምሳ ስትነሳ ስንቱን እየፈታሁ እንደማቃና! ብትነግረኝ ምን ነበር?»

መርጋ ውጅግራዋን በማግስቱ ለወንድሙ ለታፋ ሰጠው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ልጆቹ ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው በር ላይ ቆሙ። ባዶ እጁን ይዘውት ወረዱ፤ ከዚያው ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ አሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ቀለሟ ክንዱን ጨበጠች። ዝም ብላ በጣቷ አመለከተች።

መርጋ አየ። አረንጓዴ ነገር፣ ከዚያ ቡናማ ነገር፣ ሌላ ምንም የለም።

«አየኸው አባዬ?» አለች በሹክሹክታ።

«አላየሁም፤ ንገሪኝ።»

ጆሮው ላይ ተጠግታ ነገረችው፤ የድኩላው ቀንድ ጥምዝ መሆኑን፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ እንዳለው፣ ቅጠል ሲያኝክ አፉ ወደ ጎን እንደሚሄድ። መርጋ ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። ድኩላው ነግራው እስክትጨርስ አልሄደም።