የዝና በሠላሳ አንድ ድምፅ ተመረጠች

ዛሬ የሦስተኛ ክፍል ልጆች የዝናን በሠላሳ አንድ ድምፅ የክፍል አለቃ አድርገው መረጧት። በደስታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም ቀድሜ አጨበጨብሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዘንዘልማ ባለ ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በክፍሉ ድረ ገጽ ላይ «ዊጄት» የሚሏትን ትንሽ የድምፅ መስጫ የጫንሁት እኔ ነኝ። እጅ አውጥተው ሲመርጡ ይተፋፈራሉ ብዬ ምስጢር አደረግሁት። ማን ማንን እንደመረጠ እንዳይታይ ሁለት ጊዜ ፈትሻለሁ፤ ጥንቁቅ ነኛ!

ሲወጡ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ «ምን አይታችሁ መረጣችኋት?» አልኋት።

«ቲቸር፣ ጠዋት ስም የሚጠራው አለቃ ነው እኮ! አ...አ...አበበ ስትል በሳቅ እንሞታለን።»

የዝና ስትናገር ትንተባተባለች።

ምርጫውን ልሰርዝ ወደ ክፍል ስመለስ የዝና በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ቲ...ቲቸር፣ የስም ዝርዝሩን ይስጡኝ። ቤት እ...እለማመዳለሁ።»

ሰጠኋት።

መምህራን ወዳጆቼ፣ ብሰርዘው ምክንያቱን ትጠይቀኛለች። ብተወው ነገ ጠዋት ስም ትጠራለች። እንዲህ ያለ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ እስከ ንጋት ንገሩኝ።