ሦስተኛው እንግዳ

ልጅ እያለሁ፣ በስደት በኖርንባት ኦሮራ ከተማ የነበረው አፓርትመንታችን ግድግዳ ላይ አንዲት ሥዕል ነበረች። እማዬ እዚያው ሃቫና ስትሪት ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ነው የገዛቻት። ደብዘዝ ባለ ጎጆ ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ሁለት እንግዶች ያስተናግዳሉ፤ አሮጊቷ ለእንግዶቹ ልታርድ አንድ ዝይ ታሯሩጣለች። እማዬ ገና ስታያት "አብርሃምና ሣራ!" ብላ ተሳለመቻትና ከሥላሴ ሥዕል አጠገብ ሰቀለቻት።

እኔ ግን ሰንበት ትምህርት ቤት የአብርሃም እንግዶች ሦስት ናቸው ተብያለሁ። ሦስተኛውስ የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ፣ ታክሲ ይነዳ የነበረው አባዬ ቀበል አድርጎ "ፓርክ እያደረገ ነው" አለኝ። እማዬ "በእግዜር አትቀልድ!" አለችው፤ እሷም ሳቋን አልቻለችም።

የኛም ቤት እንግዳ አያጣም ነበር። አባዬ ኤርፖርት ላይ የሚቀበለው ዘመድ ያጣውን አዲስ ገቢ ሁሉ "የእግዜር እንግዳ ነው" እያለ ይዞ ይመጣል። እማዬ ከሥራ ደክሟት ገብታም ቢሆን ሽሮ ትጥዳለች። የሶፋችን ትራስ ሁልጊዜ የማናውቀው ሰው የፀጉር ቅባት ይሸት ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባዬን የጉበት ካንሰር ያዘው። በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን ያችኑ ሥዕል በፕሮጀክተር አሳየችን። ታሪኩ ለካ የጥንት ሮማውያን ግጥም ነው፤ እንግዶቹም ሰው መስለው የመጡ አማልክት ናቸው። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የሣላቸው አውሮፓዊ ግን ባልና ሚስቱን የራሱን አገር ገበሬ አስመስሏቸዋል። አማልክቱ ስለ መስተንግዷችሁ ምን እንስጣችሁ ሲሏቸው፣ አንዳችን የሌላችንን መቃብር እንዳናይ በአንድ ቀን እንሙት ብለው ለመኑ።

ቤት ስገባ "ማሚ፣ አብርሃም አይደለም። የሮማ ጋድስ ናቸው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጣዖት ነው ብላ የምታወርዳት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አባዬ የተኛበትን ክፍል በር ቀስ ብላ ዘጋችና "ሰጧቸው?" አለችኝ።

"የስ፣ ሰጧቸው።"

ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ሥዕሏንም አላወረደቻትም።

አባዬ ለፋሲካ አልደረሰም። እሱና እማዬ ያን ሁሉ እንግዳ ተቀብለው! ይኸው ዛሬም፣ አድጌ እንኳ፣ ያንገበግበኛል።

አሁን እማዬ ከኦሮራ አጠገብ፣ ሴንትራል ፓርክ በሚባል ሰፈር ከእኔ ጋር ትኖራለች። ቤቱ ሰፊ ነው፤ በሩን የሚያንኳኳው ግን ዕቃ አድራሽ ብቻ ነው። ሥዕሏ ክፍሏ ውስጥ አለች። ባለፈው እሑድ ልጄ ከሰንበት ትምህርት ቤት መጥታ እንግዶቹን ቆጠረቻቸውና "ግራንድማ፣ ሦስተኛውስ?" አለቻት።

እማዬ በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየት አደረገች።

"ፓርክ እያደረገ ነው፣ የኔ ልጅ" አለቻት።