የፊት እግሯን ያሠራሁ ጊዜ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ከመቃብሩና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መጀመሪያ የሄድኩት ጋራዥ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ጥቁር የለበሰች ሴት ከአሰላ መውጫ ላይ፣ ዘይት በጠጣ መሬት ቆማ፣ መኪና በክሪክ ሲነሳ ስታይ መዋል የለባትም።

ግን ግድ ሆነብኝ። አርባው እየቀረበ ነበር፤ የጠላውን ገብስ ከበቆጂ አጠገብ ከሚኖሩት ከባለቤቴ ታላቅ እህት ቤት ማምጣት ነበረብኝ። የባሰም ነገር ነበር። የባለቤቴ ዘመዶች፣ «መኪና የወንድ ነው፤ ዲክሲስ ያለው ወንድሙ ይውሰዳት» ማለት ጀምረዋል። እኛ የምንኖረው እህል ከገጠር አምጥተን እየሸጥን ነው። ያቺ በአራት ጎማ የምትስብ አሮጌ ፒካፕ ከሄደች ሱቁ ይዘጋል። በቤተሰቡ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ደግሞ እኚሁ ታላቅ እህቱ፣ እትዬ ናቸው። ራሴ ነድቼ ሄጄ፣ እንደምችል በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግሁ።

መካኒኩ የባለቤቴ ወዳጅ ነበር። ሲያየኝ ሬዲዮውን ዘጋና «እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ» አለኝ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሲወጣ ግን ሳቁን መያዝ አቅቶታል። በእጁ ከአሮጌ ጎማ ተቀርጾ በሽቦ የታሰረ ቁራጭ ይዟል። በብረቶቹ መሀል የሚገባው ላስቲክ፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት፣ ካለቀ ቆይቷል፤ ባለቤቴ በምትኩ ይህን አስገብቶበታል።

«ይኸውልሽ የባልሽ ሥራ! ቀይር ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት! እሱ ግን በሽቦ ጠፍሮ የዲክሲስን ዳገት ይወጣባታል!»

«እኔንም ከጎኑ አስቀምጦ ነው እኮ» አልኩት።

«ተመስገን በይ፤ አንቺንም በሽቦ አለማሰሩ!»

ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ ሳደርግ የጋራዡ ሰዎች ሁሉ ወደ ሌላ ዞረዋል፤ ሰምተውኛል ማለት ነው።

ጎማውን የሚይዙት መጋጠሚያዎች፣ ቦልጆይንቶቹም፣ አልቀው ነበር። መካኒኩ ጎማውን ይዞ ሲያወዛውዘው እንደ አሮጌ ጥርስ ይነቃነቃል። አንዱን ጎን ብቻ ቢቀይር መሪዋ ወደ አንድ ወገን እንደምትጎትት ነገረኝ። «ሁሉንም ቀይር» አልኩት። የጎማውን ቁራጭ አንስቶ «ይህቺንስ?» አለኝ። «ጣላት» አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ።

በማግስቱ ወደ በቆጂ ወጣሁ። መንዳት ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው። ያቺ መኪና ግን በእሱም እጅ ግራና ቀኝ ስለምትዋልል፣ መንዳት ማለት ከመሪ ጋር መታገል ይመስለኝ ነበር። ሳጉሬን ሳልፍ አንድ እጄን ከመሪው አንስቼ ጭኔ ላይ አሳረፍኩ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የስንዴው ማሳ በሁለቱም ወገን ያልፋል። ትንሽ ቆይቼ አንድ ዜማ ሰማሁ፤ የማዜመው እኔው ነኝ። መንገዱ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ ብዬም አሰብኩ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ!

እትዬ ቤት ስደርስ በሩ ዝግ ነው። ድሮ መኪናዋ ከአስፋልቱ ወርዳ ኮረኮንቹ ላይ ስትንኳኳ ከሩቅ ይሰሙና፣ እኛ ሳንደርስ በሩን ከፍተው ይጠብቁን ነበር። ዛሬ ማንም አልወጣም። ጠበቅሁ። ከዚያ ሳላስበው ክላክሱን ተጫንኩት፣ ደጋግሜ። ከእጄ ስር ሲጮህ ነው የደነገጥኩት። በእኛ አገር እንዲያ በክላክስ እየጮኸ ደጅ የሚደርስ መኪና ሙሽራ የያዘ ነው።

እትዬ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ወጡ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሠርግ አለ እንዴ?»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። አልሰማሽኝ ብለው… አልሰሙኝም ብዬ ነው።» ምላሴ ተሳሰረ።

«በምን ልስማሽ? ኳኳታዋ የታለ?»

«አሠራኋት።»

«አሠራሻት። እሱን እኛ ቀበርን፤ ኳኳታዋን ደግሞ አንቺ ቀበርሽ።»

ጎረቤቶች ገብሱን ጫኑ። እትዬ አብረውኝ ለአርባው ወደ አሰላ ስለሚሄዱ የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው። አልገባም አሉ።

«አንቺ የእሱ ቦታ ላይ ተቀምጠሻል። እኔ ደግሞ ያንቺን ልያዝ?»

በሁለት ሰው ተደግፈው ከጆንያው ላይ ወጡ።

«እትዬ በእግዜር! ሰው ምን ይለኛል?»

«የሚለውን ይበል። ንጂ።»

ነዳሁ። አሮጊቷ በንፋስ ከገብስ ላይ፣ እኔ ከፊት ብቻዬን። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው አዩን፤ አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዳይንገላቱ ብዬ በጣም ቀስ አልኩ። ትንሽ እንደሄድን የጋቢናው ጣሪያ ተደበደበ። ዳር ይዤ ቆምኩና ወረድኩ።

«ምን ያስጎትትሻል? በብርድ ልትጨርሺኝ ነው?»

«እንዳይንገላቱ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ማን ተንገላታ? ጥርሴ የሚረግፈው እሱ ሲነዳ ነበር! ዛሬማ እንደ ፍራሽ…»

ጋቢውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ከጋቢው ሥር ዝግ ባለ ድምፅ «ንጂ፣ ልጄ» አሉ።

ቤት ስንደርስ የባለቤቴ ወንድም ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ለቁልፉ እጁን ዘረጋልኝ። እትዬ ገና ከጆንያው ላይ ሳይወርዱ፣ «ቁልፉ እሷ ጋ ይሁን። አንተ ገብሱን አውርድ» አሉት። እጁን መልሶ ጆንያ ለመሸከም ጀርባውን ሰጠ።

እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ግን ላመሰግናቸው ቀና ስል እሳቸው ወደ ጆንያዎቹ ዞሩ፣ እሳቸው ሲዞሩ ደግሞ እኔ አቀረቀርኩ። የመንገዱ ምቾት ሁለታችንንም አሳፍሮን፣ ያን ቀን እስኪመሽ ዓይን ለዓይን አልተያየንም።