የግራዋው ብልቃጥ

ፖሊሶቹ ኮልፌ የተከራየናትን ክፍል የበረበሩት ወረቀት ፍለጋ ነበር። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ የሕግ ተማሪ ነው፤ ተማሪው የሚበትነውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው እሱ ነው የሚል ጥቆማ ደርሷቸዋል። ወረቀት አላገኙም። ከአልጋዬ ሥር ግን ብልቃጥ አወጡ። ብልቃጡ ላይ በገዛ እጄ «መርዝ ነው፣ አይነካ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

የጻፍኩት ለጓደኛዬ እንግዶች ነበር። እኔ ኬሚስትሪ ነበር የምማረው። ከወንዝ ዳር የለቀምኩትን የግራዋ ቅጠል አድርቄ፣ ወቅጬ፣ በንጹሕ አልኮል ዘፍዝፌ፣ ከዚያ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ እያንጠባጠብኩ አንዱን ንጥረ ነገር ከሌላው ስለይ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ጨው የመሰለ ጥቂት ነጭ ነገር ወጣልኝ። ምንነቱን ለማወቅ መሣሪያው እኛ ዘንድ ስላልነበረ መምህሬ ውጭ አገር ሊልክልኝ ቃል ገብቶ ነበር። ተማሪው አድማ መትቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ አልኮል ውስጥ አሟምቼ ቤት አመጣሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ የሚሰበሰቡት ልጆች ደግሞ አረቄ የሸተተ ነገር ካገኙ አይምሩም። መርዝ ካላልኩት አያድርም።

ሁለታችንንም ይዘው ያስገቡን የጣቢያ ክፍል ጠባብ፣ ሲሚንቶው እርጥብ ነበር። አዲስ ገቢ ስለሆንን ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የሽንት ባልዲው አጠገብ ቦታ ሰጠን። ጓደኛዬ ወደ ባልዲው ያለውን ጎን ለራሱ ያዘና እኔን ወደ ውስጥ ገፋኝ።

«ሳልህ ይብስብሃል» አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻምበሉ ሁለታችንንም አስጠራን። ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ለማን ነው ያዘጋጀኸው?»

«ለማንም አይደለም ጌታዬ። ከግራዋ የወጣ ነው።»

«በግራዋማ እናቴም ጋን ታጥብበታለች። መርዝ ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?»

የእንግዶቹን ነገር ነገርኩት። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ፤ ሻምበሉ አልሳቀም።

«እሺ፤ መርዝ ነው ወይስ አይደለም?»

«ገና አልታወቀም።»

«ራስህ የሠራኸውን?»

«አልሠራሁትም። ቅጠሉ ውስጥ የነበረ ነው። እኔ ለየሁት እንጂ።»

ሻምበሉ ብርጭቆ አስመጣና ከብልቃጡ ቀድቶ ጓደኛዬ ፊት አኖረው።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ። «መርዝ ነው ካልክ አይጠጣም፤ ቃላችሁን ትፈርማላችሁ። አይደለም ካልክ ይጠጣና ትሄዳላችሁ።»

መርዝ ነው ብል ባለሥልጣን ልንመርዝ ስንዶልት ተያዝን ማለት ነው፤ ለጓደኛዬ ደግሞ ገመድ ነው። አይደለም ብል እኔው የማላውቀውን ነገር ማጠጣቴ ነው። የግራዋ ጭማቂ ለሆድ ሕመም ይጠጣል፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን የአንድ ጆንያ ቅጠል ጉልበት ነው። በጣም ፈራሁ። ጓደኛዬ ብርጭቆውን አላየም፤ እኔን ነው ያየው።

«ምን ይሻላል?» አለኝ፣ የራት ጉዳይ ይመስል።

ብርጭቆውን አንስቼ ጠጣሁት። ምሬቱ እስከ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ።

«አንተን ማን ጠጣ አለህ?» ብሎ ሻምበሉ ብድግ አለ። የተረፈውን መሬት ላይ ደፋው። የዓመት ልፋቴ ግማሹ ሆዴ ውስጥ፣ ግማሹ ሲሚንቶው ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አስመለሰኝ። ጓደኛዬ ግንባሬን ይዞ ባልዲው ላይ ደገፈኝ። ሻምበሉ እንዳለው አልለቀቀንም። በወረቀቱ ጉዳይ ክረምቱን እዚያው አሳለፍነው። መርዝ የሚለው ነገር ግን ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ትንሽ ሲሻለኝ ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እንደማይገድል ታውቅ ነበር አይደል?»

«አዎ። ግራዋ እኮ ነው» አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰና እንቅልፍ ወሰደው።

ዛሬ ሁለታችንም ሸምግለናል። ቤቱ ስሄድ ታሪኩን ለልጆቹ ያወራላቸዋል፤ «ኬሚስት አይደል፣ አውቆ ነው የጠጣው» እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ግራዋን ብዙ ሰው መርምሮታል፤ ውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች አንድ በአንድ ተለይተው ስም ወጥቶላቸዋል። የትኛውን እንደጠጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።