አንድ ቀን ከሃያ ሦስት ሰዓት

ቆቦ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ የራዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ አቶ ይመር ማይክራፎኑን ሳያስይዙኝ በፊት የመልእክቱን ቅጽ አስጠኑኝ። ለሕመሙ ቆይታ የተተወችው ቦታ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል ብቻ ታስገባለች፤ ለቀን ቀ፣ ለሰዓት ሰ፣ ለደቂቃ ደ።

“ትልቁን ጻፍ፣ ትርፉን ጣል” አሉኝ። “የምንሠራው በመኪና ባትሪ ነው፤ ወሬ አይችልም።”

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ የታመመ ሰው 2ሰ ይሆናል። ቶሎ ለመድኩት። ጓደኞቼ ምላጩ ይሉኝ ነበር፤ እኔ ሞኙ ደስ ይለኛል።

አንድ ጧት ሁሴን የሚባል የሮቢት ገበሬ ሚስቱን ዘሃራን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ምጥ የያዛት ከትናንት በስቲያ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ነርሷ እንዳየቻት “ሆስፒታል፣ አሁኑኑ!” አለች። ያኔ በጦርነቱ ምክንያት ያለ ወታደር አጀብ የሚንቀሳቀሰው የሆስፒታሉ አምቡላንስ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ይላል። አሰላሁ፤ አንድ ቀን ከሃያ ሦስት ሰዓት። 1ቀ ብዬ ጻፍኩና ለሆስፒታሉ አስተላለፍኩ።

ሁሴን በመስኮት ይሰማኝ ነበር።

“አንተ ወንድሜ፣ አንድ ቀን ነው ያልካቸው? ሁለት ሌሊት ሙሉ ስታምጥ አጠገቧ ነበርኩ እኮ!”

“ደንቡ ነው” አልኩት።

“ኧረ በአላህ፣ ደግመህ ንገራቸው!”

ራዲዮውን ዘግቼዋለሁ። መልሼ መክፈት እችል ነበር። ገበሬ ሥራዬን ሊያስተምረኝ መጣ ብዬ ተናደድኩና ተውኩት።

ያን ጧት ለሆስፒታሉ ከሌላ ጣቢያም የምጥ ጥሪ ደርሶት ነበር፤ የእነሱ 2ቀ ይላል። የሆስፒታሉ ራዲዮ ተቀባይ በኋላ እንደነገረኝ በሁለቱ ሴቶች ምጥ መካከል የነበረው ልዩነት ሁለት ሰዓት አይሞላም። አምቡላንሱ ወደዚያኛዋ ቀደመ። እኛ ጋ ሲደርስ ቀትር አልፏል። ዘሃራ ወደ ሆስፒታሉ ስትወሰድ ጎብዬ ከተማ ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ልጁም አልተረፈም።

ሁሴንን ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አገኘሁት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ አልሰደበኝም።

“ሃያ ሦስቱን ሰዓት የት አደረግኸው?” አለኝ።

ዛሬ የጊዜን ርዝመት አሳጥሮ የሚያሳይ የኮምፒውተር ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ማሳጠሩ ጥሩ ነው፤ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ሁለተኛውን ቁጥር ግን አትቁረጡት። 1ቀ 23ሰ ብላችሁ ጻፉ። እኔ አልጻፍኩም።