የሩቂያ ጎዝ

ሩቂያ ሸዋ ሮቢት ገበያ ሠላሳ ዓመት ሽንኩርት ስትሸጥ አንድም የሚወራ ነገር ደርሶባት አያውቅም። ወሬ የባሏ የሀሩን ነበር። ሀሩን የጭነት መኪና ሹፌር ሳለ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለውን ቀን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራዋል፤ ቁልቁለቱም ከዓመት ዓመት ይረዝማል። የእሷ ሥራ ሻይ እያቀረበች "ሱብሃነላህ" ማለት ነው።

አምና አንድ የግል ክሊኒክ የሐሞት ጠጠሯን አወጣላትና ጎዝ የሚሉትን የደም መጥረጊያ ጨርቅ ሆዷ ውስጥ ረስቶ ሰፋት። አራት ወር ስትቃትት ከርማ፣ ሌላ ሐኪም ከፍቶ ሲያወጣው መሐረብ ያህላል። አልሐምዱሊላህ ዳነች። ከዳነች በኋላማ ማን ይቻላት! ገበያተኛው ከሽንኩርቱ በፊት የሆዷን ነገር ይጠይቃታል። ቤት የሚመጣውም እንግዳ ወደ እሷ ዞረ፤ ሀሩን ከነፍሬኑ ጥግ ያዘ።

ከሰሰች፤ ክሊኒኩም እንታረቅ አለ። በካሳው ተስማምተው ሩቂያ ጠበቃዋ ባነበበላት ወረቀት ላይ ጣቷን አተመች። የቀረው ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን ማጽደቁ ነበር። ዳኛዋ ወይዘሮ እሌኒ አንድ በአንድ ሲያነቡላት ሩቂያ እሺ እሺ ስትል ቆይታ አምስተኛው አንቀጽ ላይ ደነገጠች። የደረሰባትን ለማንም እንዳትናገር ይላል። ጠበቃው ይህቺን ዘሏት ኖሯል።

"ክብርት ዳኛ፣ ገንዘቡን ከፈለጉ ይቀንሱት። ወሬዬን ግን አልሰጥም" አለች።

ዳኛዋ ምክንያቷን ጠየቁ።

"የዚህን ሰውዬ ፍሬን ሠላሳ ዓመት ሰማሁ። አሁን ተራዬ ነው" አለች፣ ሀሩንን በአገጯ እየጠቆመች።

ችሎቱ ሳቀ፤ ሀሩን ጫማውን ማየት ጀመረ። ጎዙን የረሳው ወጣቱ ዶክተር ሳሙኤል ግን አልሳቀም። ተነሥቶ፣ አምስተኛውን ያስጻፍኩት ስሜ በየገበያው እንዳይነሣ ብዬ ነው አለ። ሩቂያ ወደ እሱ ዞረች።

"ስምህን መቼ ጠርቼ አውቃለሁ፣ ልጄ? 'እንቅልፍ ያጣ ልጅ' ነው የምልህ።"

ሳሙኤል ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እውነትም ያን ቀን ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ነበር የቀደዳት። ዳኛዋ አምስተኛውን አሰረዙ፤ በቦታው የሐኪሙ ስም እንዳይጠራ ብቻ አስጽፈው፣ ሁለቱም ወገን እሺ ሲል አጸደቁት።

ሲመለሱ የባጃጁ ሹፌር ምን ገጥሟችሁ ነው ፍርድ ቤት የመጣችሁት ብሎ ጠየቀ። ሀሩን ልማዱ ነውና ጉሮሮውን ጠርጎ "አምና ሐሞቷን ሊያወጡላት..." ብሎ ሲጀምር ከሩቂያ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

"አንቺው ንገሪው" አላት።

ነገረችው። ሀሩን ቤታቸው እስኪደርሱ አንድም ቃል አልጨመረም፤ እሷ ትንፋሽ በሰበሰበች ቁጥር "ሱብሃነላህ" ከማለት በቀር።